በአርጩሜ ሥር የተነበበው የፍቅር መልእክት

ዛሬ ከታሪክ ተነሥቼ ስለ ትናንሽ ልጆቻችን አንድ ነገር ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት አጥቢያዎች ነው። የሚያበቃው ግን በእያንዳንዳችን ቤተ ክርስቲያን፣ በልጆች ክፍል ውስጥ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ሲያስታውስ ጠረጴዛና ጥቁር ሰሌዳ አይታየውም። የሚታየው የዛፍ ጥላ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ነው። የኔታ ድንጋይ ወይም መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆች መሬት ላይ ዙሪያቸውን ተኮልኩለዋል። አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ አንዱ አቡጊዳ ይላል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ። ትንሹ ልጅ በስንደዶ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይቆጥራል። የኔታ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ ፊደል የሳተውን ልጅ ለይተው ይሰማሉ። አጠገባቸው ደግሞ አርጩሜ አለች።

የንባብ ቤት

ይህ ትምህርት ቤት የዘመናት ዕድሜ አለው። መንግሥት መዋዕለ ሕፃናት የሚባል ነገር ሳያስብ በፊት፣ አራትና አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ተቀብሎ ማንበብ ያስተማረ የአገራችን የመጀመሪያ የሕፃናት ትምህርት ቤት ይኸው የንባብ ቤት ነው። ሥርዓቱም የታወቀ ነው። ልጁ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳ ይላል፤ ከዚያ ወደ ንባብ ይገባል። ንባቡም ደረጃ አለው፤ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ ይባላል። መጨረሻ ላይ ዳዊትን ሲያጠናቅቅ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሳሉ። ልጃቸው ዳዊት ደገመ ማለት አንባቢ ሆነ ማለት ነውና።

ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልግ አካባቢው የታወቁ የትምህርት ደብሮች ነበሩት። ከቢቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ስሙ የገነነ ነው። ደብረ ወርቅም እንዲሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ነው በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የቀጠሉት። ከዚያ ምድር የወጣው የቋንቋና የማስታወስ ችሎታ የሚናቅ አይደለም። እኔም ራሴ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቤ የምሰብከው በአንድ የኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደል ስለ ቆጠርሁ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ልነቅፍ አይደለም፤ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ መሆን አልሻም። የምጽፈው በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ለዘመናት ተቀምጦ የኖረ አንድ ነገር ልቤን ስለ ነካው ነው።

ልጆቹ ያነበቡት ምን ነበር?

ልጁ ፊደልና አቡጊዳን ከጨረሰ በኋላ የመጀመሪያ ንባቡ ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? የዮሐንስ አንደኛ መልእክት ነው። በፊደል ገበታው ላይ «ፊደለ ሐዋርያ» እየተባለ የሚነበበው የመልእክቱ መጀመሪያ ምዕራፍ ነው። በግእዝ ነበር የሚነበበው፤ ስለዚህ ሕፃኑ ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አያውቅም ነበር።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እናስበው። ያ መልእክት እንዴት ነው የሚጀምረው? ሐዋርያው ስለ ሕይወት ቃል ሲናገር የሰማነው፣ በዓይናችን ያየነው፣ በእጃችን የዳሰስነው ነው ይላል (1ዮሐ. 1፥1)። መስማት፣ ማየት፣ መዳሰስ፦ ሕፃን ልጅ ማንኛውንም ነገር የሚማረው በእነዚህ ነው። አረጋዊው ዮሐንስ አንባቢዎቹን ደጋግሞ «ልጆቼ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ስንደዶ ይዞ መሬት ላይ የተቀመጠው የአምስት ዓመት ልጅ ሳያውቀው በስሙ የሚጠራውን ደብዳቤ ያነብ ነበር።

ደግሞም በዚያው ምዕራፍ እግዚአብሔር ብርሃን እንደ ሆነና ጨለማ በእርሱ ዘንድ እንደሌለ ተጽፏል (ቁ. 5)። በብርሃን መመላለስ ማለት ደግሞ ያላጠፋ ሰው መሆን አይደለም፤ ጥፋትን አለመሸሸግ ነው። ኃጢአታችንን ብንናዘዝ እርሱ የታመነና ጻድቅ ነው፤ ይቅር ይለናል፣ ያነጻናልም (ቁ. 9)። በዚያው መልእክት ጥቂት ገጾች ራቅ ብሎ፣ እግዚአብሔር ፍቅር እንደ ሆነ፣ ፍጹም ፍቅርም ፍርሃትን አውጥቶ እንደሚጥል እናነባለን። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ፍርሃት ቅጣት አለው፣ የሚፈራ ሰውም ፍቅሩ ፍጹም አይደለም (4፥16-18)።

እንግዲህ የጎጃም ልጅ ማንበብ የተማረው ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል በሚለው መልእክት ነው፤ የተማረውም በአርጩሜ ፍርሃት ነው። ይህን የምለው የኔታን ለመክሰስ አይደለም። እርሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነው፤ የእርሳቸው የኔታም እንደዚያው። ወላጅም ልጁን ሲያስረክብ ቅጡልኝ ብሎ አደራ ይል ነበር። አርጩሜው፣ ኩርኩሙ፣ ቁንጥጫው፣ ማንበርከኩ ሁሉ የፍቅር ሥራ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ከትምህርት የሸሸው ተማሪ በእግር ብረት የታሰረበት ጊዜም እንደ ነበር የድሮ ተጓዦች ጽፈዋል። ቃሉና አርጩሜው ለዘመናት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኖሩ፤ ቃሉ በማይታወቅ ቋንቋ ስለ ነበረ እርስ በርስ አልተጠያየቁም።

ትሉ ያስተማረው ልጅ

ሁላችንም በልጅነታችን የሰማነው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ አለ። ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ ሕፃን ሳለ አጎቱ ጌዴዎን ዳዊት ሊያስተምረው ተቀበለው። ልጁ ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። መምህሩ ገረፈው። ልጁም ሸሽቶ ሄደና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል ዛፉ ላይ ሊወጣ ሲሞክር፣ ሲወድቅ፣ እንደገና ሲሞክር፣ በመጨረሻም ሲወጣ አየ። ልቡ ተነካ፤ ተመልሶ ወደ መምህሩ ሄደ፤ መምህሩም ተቀበለው።

ይህ ታሪክ ሲነገረን ልጆች ሆይ፣ ጽኑ፣ ተስፋ አትቁረጡ ለማለት ነበር። መልካም ነው። እኔ ግን ከተማሪው ይልቅ ለአስተማሪው የሚናገረው ነገር እንዳለው ያስተዋልሁት አርጅቼ ነው። አለንጋው ያሬድን ምን አስተማረው? መሸሽን። ያስተማረው ትሉ ነው። ትሉ ሲወድቅ የመታው አልነበረም፤ ወደቀ፣ እንደገና ጀመረ። ልጁም መውደቅ የመጨረሻ እንዳልሆነ አይቶ ተመለሰ። ታሪኩን ታሪክ ያደረገው ሁለተኛው ነገር ደግሞ መምህሩ በሩን አለመዝጋቱ ነው። ጌዴዎን የሸሸውን ልጅ መልሶ ባይቀበል ኖሮ ያሬድ የሚባል ሰው ባልሰማን ነበር።

ቃሉን ወደ አማርኛ ያመጣው ጎጃሜ

ያ በግእዝ ድምፁ ብቻ የሚሰማው መልእክት ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ የመጣው እንዴት ነው? እዚህ ላይ አብዛኞቻችን የማናውቀው አንድ የጎጃም ሰው አለ፤ አባ አቡ ሩሚ ይባላሉ። መነኩሴ ነበሩ። ብዙ አገር ዞረው በመጨረሻ ካይሮ ደረሱ። በዚያም አስለን ደ ሸርቪል ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስል ጋር ተገናኙ። ሁለቱ ለአሥር ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው ተቀመጡ። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት፤ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ።

አቡ ሩሚ ሥራቸው ሲታተም ለማየት አልታደሉም፤ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ አረፉ። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። ዛሬ በወንጌል የሚያምን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ለዚህ ለጎጃሙ መነኩሴ ባለ ዕዳ ነው። እርሳቸውም ማንበብን የጀመሩት ከፊደል ነውና፣ ያን የዮሐንስን መልእክት የአማርኛ እናት በምትረዳው ቃል ጻፉት። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ቅጣት አለው የሚለውን ቃል አልገባንም ማለት አንችልም።

እኛስ?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ ወንጌላውያን ቃሉ በሚገባን ቋንቋ አለን፤ በዚህም እንመካለን። ግን ቋንቋውን ቀየርን እንጂ አርጩሜውን ቀይረናል?

ወጣት አገልጋይ ሳለሁ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል አስተምር ነበር። አንድ እሑድ የፋኖሱ ብርጭቆ ተሰብሮ አገኘሁት። ማን ሰበረው አልሁ። ሁሉም ዝም አሉ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ዓይኑን ሲሰብር አየሁና ጠየቅሁት፤ አልሰበርሁም አለ። ዋሸህ ብዬ ጆሮውን ቆነጠጥሁት፤ በልጆቹ ሁሉ ፊት። ከዚያ ወደ ትምህርቱ ተመለስሁ። የዚያን ቀን ትምህርት ኢየሱስ ሕፃናትን ይወዳል የሚል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ልጁ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ አልገባም አለ። ሄጄ በፊቱ በርከክ አልሁና ለሰላምታ እጄን ዘረጋሁ። እጄን አላየም፤ ፊቴን እያየ፣ «ጋሼ፣ ዛሬም ትቆነጥጣለህ?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ብርጭቆውን የሰበረው እርሱ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያወቅሁት ግን እርሱ በእኔ በኩል የተማረውን ነው፤ ጥፋት ሲመጣ ደብቅ፣ ጌታን የሚያስተምር ሰው ሲመጣ ጆሮህን ጠብቅ። የዮሐንስ መልእክት ግን ጥፋት ሲመጣ ወደ ብርሃን ውጣ ነው የሚለው። ልጁ ወደ ብርሃን የሚወጣው በብርሃኑ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው የማያስፈራ ሲሆን ብቻ ነው። ልጅን ውሸት የሚያስተምረው ብዙ ጊዜ ክፉ ልቡ ሳይሆን የእኛ ቁጣ ነው።

ቁንጥጫው ብቻም አይደለም። ልጅ ሲረብሽ ጅብ ይበላሃል ማለት የቤታችን ልማድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጅቡን ትተን «ኢየሱስ እንደዚህ የሚያደርግ ልጅ አይወድም» እንላለን። ወገኖቼ፣ ይህ ከቁንጥጫ ይብሳል። ጅብ እንደማይበላው ልጁ ሲያድግ ያውቃል፤ ኢየሱስ አይወድህም የተባለውን ግን ማን ይነቅልለታል? ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ያመጡትን ሰዎች በገሠጹ ጊዜ ጌታ የተቆጣው በሕፃናቱ አልነበረም፤ በደቀ መዛሙርቱ ነው። ሕፃናቱን ግን አቀፋቸው፣ እጁንም ጭኖ ባረካቸው (ማር. 10፥13-16)።

ከእኛ በፊት ይህን ያስተዋሉ አባቶች

ይህ አሳብ ዛሬ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ዣን ፍሬደሪክ ኦበርሊን የሚባል የፕሮቴስታንት እረኛ እ.ኤ.አ. በ1767 በፈረንሳይ ቮዥ ተራሮች ውስጥ ወዳለች ዋልደርስባክ ወደምትባል ድሃ የገጠር ሰበካ ተላከ። ወላጆች እርሻ ሲወርዱ ትናንሽ ልጆች ጠባቂ አጥተው ይውሉ ነበር። ሳራ ባንዜ የተባለች ወጣት ልጆቹን ሰብስባ ሹራብ መሥራት ስታስተምር አየ፤ ሥራውን ደገፈ፣ ሌሎች ሴቶችንም ጨመረ። ከእነርሱ አንዷ ሉዊዝ ሼፕለር ዕድሜዋን በሙሉ ለዚህ ሰጠች። ልጆቹ ይዘምሩ፣ ሥዕል ያዩ፣ አበባና ቅጠል በስማቸው ይለዩ፣ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። መስማት፣ ማየት፣ መዳሰስ፤ ልክ እንደ መልእክቱ መጀመሪያ።

ፍሪድሪክ ፍሮቤልም የሉተራን ቄስ ልጅ ነበር። ገና ጨቅላ ሳለ እናቱ ሞታበት ፍቅር ተርቦ ያደገ ሰው ነው። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የምንለውን ተቋም በጀርመን አገር የመሠረተው እርሱ ነው። በጀርመንኛ «የልጆች የአትክልት ቦታ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፤ የአቡ ሩሚ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በታተመበት ዓመት ማለት ነው። የጎደለውን ፍቅር ለሌሎች ልጆች ለማዘጋጀት ደከመ። በልጅነቱ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ማስተላለፍ ግዴታው እንዳልሆነ ከእርሱ እንማራለን።

በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ፖሊሲ ማዕቀፍ ወጥቶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክፍል የሚባለው ተስፋፋ። በዚህ ክፍል የስድስት ዓመት ልጆች ተምረዋል። ከእነርሱ አስተማሪዎች መካከል የእኛ ምእመናን አሉ። የአገር ሕግ አትምታ ሲል የጌታ ባሪያ መምታቱን ቢቀጥል ምን ምስክርነት ይሆናል?

በትር የሚለው ቃልስ?

«በትሩን የሚያርቅ ልጁን ይጠላል ይላል እኮ ምሳሌ» የሚለኝ ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ (ምሳ. 13፥24)። ቃሉን አንሸሽም። ግን ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ በዕብራይስጡ «በትር» ተብሎ የተጻፈው ቃል የእረኛም በትር ነው። ዳዊት በመዝሙር 23 የሚያጽናናው ብሎ የጠራው በትር ያው ቃል ነው። እረኛ በበትሩ አውሬ ይከላከላል፣ በጉን ወደ መንገድ ይመልሳል፣ ሲቆጥር በበትሩ ሥር ያሳልፋል። በጉ በትሩን ሲያይ ይጽናናል እንጂ አይሸሽም። ልጆቻችን እጃችን ከፍ ሲል ይጽናናሉ ወይስ ራሳቸውን ይሸፍናሉ? ሁለተኛ፣ መጽሐፈ ምሳሌ ለወላጅ የተናገረውን ሐዋርያው ጳውሎስ ሲያብራራ አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አታስቆጡ፣ ልባቸው እንዳይዝል በጌታ ምክርና ተግሣጽ አሳድጉ አለ (ኤፌ. 6፥4፤ ቆላ. 3፥21)። የልጅ ልብ ሊዝል እንደሚችል ሐዋርያው ተጨንቋል።

ይህ ማለት ልጅን መረን መልቀቅ አይደለም። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን አልከለከላቸውምና እግዚአብሔር በቤቱ ላይ ፈረደ (1ሳሙ. 3፥13)። ርኅራኄ ያለ ድንበር ርኅራኄ አይደለም። ጥያቄው ልጁን እንከልክለው ወይስ አንከልክለው አይደለም፤ በምን እጅ እንከልክለው ነው።

በልጆች ክፍል ምን እናድርግ?

ለእሑድ የልጆች ክፍል አገልጋዮችና ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በዓመታት ውስጥ የተማርሁትን እነሆ።

1. ጥፋትንና ልጅነትን እንለይ። የአራት ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ ያለመቻል ኃጢአት አይደለም። ልጆች ሲረብሹ አስቀድመን እንጠይቅ፤ ርቧቸው ይሆን? ደክሟቸው ይሆን? ትምህርቱ ረዝሞ ይሆን? ብዙ ጊዜ መታረም ያለበት ልጁ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው።

2. ዝቅ እንበል። ከላይ ሆኖ የሚጮኽ ሰው ለሕፃን እንደ ተራራ ነው። በርከክ ብለን ዓይኑን እያየን በዝግታ በስሙ እንጥራው። ጌታ ራሱ ወደ እኛ የመጣው ዝቅ ብሎ አይደለምን?

3. ስሜቱን እንንገረው፣ ድንበሩን እናስምር፣ መንገድ እናሳየው። ሁለት ልጆች በአንድ ኳስ ተጣልተው አንዱ ሌላውን ነከሰ እንበል። «ኳሱን ፈልገህ ተናደሃል። መንከስ ግን ያማል፤ አንነክስም። ስጠኝ በል፣ ወይም ተራህን ጠብቅ።» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የተነከሰውንም አንርሳው፤ እንዲያውም አስቀድመን እርሱን እናባብለው። ነካሹም የሚያጽናናበትን ነገር፣ ውኃ ማምጣትም ቢሆን፣ እንዲያደርግ እንጋብዘው።

4. እውነት የተናገረን ልጅ አንቅጣ። «እኔ ነኝ የሰበርሁት» ያለ ልጅ የዮሐንስን መልእክት የመጀመሪያ ምዕራፍ እየኖረ ነው። ስለ ነገርኸኝ ደስ ብሎኛል እንበለው፤ ከዚያ ስባሪውን አብረን እናንሣ። ጥፋቱ ውጤት አለው፤ ማጽዳት ውጤት ነው። መዋረድ ግን አያስፈልግም።

5. እኛም ስናጠፋ ይቅርታ እንጠይቅ። አንድ ሕፃን ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው ካየ፣ ንስሐ የተሸናፊ ሳይሆን የብርሃን ልጅ ሥራ እንደ ሆነ ያያል።

ጴጥሮስ ጌታን ሦስት ጊዜ ከካደ በኋላ ጌታ እንዴት እንዳረመው አስታውሱ። በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቀው። አስቀድሞ አበላው፤ ከዚያ ትወደኛለህን ብሎ ጠየቀው፤ ከዚያ ሥራውን መልሶ ሰጠው (ዮሐ. 21)። ጥፋቱን አላለፈውም፤ ግን ያረመው በፍቅር ጥያቄ ነው። ይህንንም የጻፈልን ያው ዮሐንስ ነው።

ማጠቃለያ

ደቀ መዝሙር የሚለው ቃላችን ደቂቅ፣ ማለትም ልጅ፣ ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ይዛመዳል። ሁላችንም በጌታ ፊት ፊደል ቆጣሪዎች ነን። ስንቱን ፊደል ስተናል! ስንት ጊዜ እንደ ያሬድ ሸሽተናል! እርሱ ግን ስንመለስ በሩን አልዘጋብንም።

እናንተ በአርጩሜ ያደጋችሁ ወላጆችና አስተማሪዎች፣ ያሳደጓችሁን አክብሩ፤ ያላቸውን ሰጥተዋችኋል። ግን እነርሱ በማያውቁት ቋንቋ ያነበቡትን እናንተ በሚገባችሁ ቋንቋ ታነባላችሁ። ስለዚህ ከእናንተ የሚጠበቀው ይበልጣል። ጌታን ገና ያላወቃችሁ ወገኖቼም፣ የልጅነት ፍርሃት እግዚአብሔርን አርጩሜ እንደ ያዘ ሽማግሌ አድርጎ ሥሎባችሁ ከሆነ፣ ያን ትንሽ መልእክት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ልጆቼ ብሎ የሚጠራችሁን ድምፅ ትሰማላችሁ።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ እጃችን ከፍ ሲል ልጆቻችን የሸሹበትን ጊዜ ሁሉ ይቅር በለን። በእኛ ምክንያት አንተን የፈሩህን ልጆች አንተ ራስህ ፈልገህ እቀፋቸው። በቢቸናና በሞጣ፣ በየከተማውና በየገጠሩ ሕፃናትን የሚያስተምሩ ባሮችህን ትዕግሥትን ስጣቸው። ልጆቻችን ቃልህን ያለ ፍርሃት ያንብቡ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።